ያለፉና የወደቁ ጥይቶች

ባለፈው ሳምንት የእናቴን ቀለበት ላስጠብብ ወርቅ ቤት ገብቼ ነበር። ወርቅ ሠሪው መጀመሪያ ክብደቱን ልይ ብሎ ትንሽዬዋን ሚዛን ሳበና ሳህኗን ዘይት በነካው ጨርቅ ጠረገ። ከዚያ በወረንጦ የምስር ፍሬ የምታህል መመዘኛ አነሳ። አስቀመጠ። አየ። አነሳ። ሌላ አስቀመጠ። የዘይቱ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "ወንድሜ፣ እባክህ ቶሎ በል!" ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው ደነገጠ። እኔም አፈርኩ። እሱ ምን አጠፋ? የተናደድኩት በአባቴ ነው። በአባቴና በራሴ።

አባቴ የሳይንስ መምህር ነበር። ከጎጃም ተመድቦ አርባ ምንጭ መጣ፣ ከደጋው መንደር ከኦቾሎ የመጣችውን እናቴን አገባ፣ በዚያው ቀረ። ጥንቁቅ ሰው ነበር ብል አነሰበት። መኪና በሌለበት መንገድ ሲሻገር ግራና ቀኝ ሁለት ሁለቴ ያያል። እርሳስ ሲቀርጽ ጫፉን ወደ ብርሃን አንስቶ ይመረምረዋል። ገበያ ሄዶ አንድ ፓፓያ ለመግዛት ሻጯ እስክትሰለች ድረስ ያገላብጣል፤ እኔ ከጎኑ ቆሜ መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ቤታችን ከአርባ ምንጭ የታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ነበር። የእናቴ ታናሽ እህት ምህረትም ከእኛ ጋር ትኖርና ስምንተኛ ክፍል ትማር ነበር። አክስቴ ናት እንጂ አክስቴ ብዬ ጠርቻት አላውቅም። እሷ አሥራ አምስት፣ እኔ ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ የምንተኛውም አንድ አልጋ ላይ። እግሯ ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል። የሲቀላን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ቀዝቃዛ እግር ምን ያህል ሀብት እንደሆነ ይገባዋል። የእኔን እግር በእሷ ላይ አሳርፌ የቤት ሥራዋን በቃሏ ስትወጣ እየሰማሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።

የደርግ ጊዜ ነው። በዚያ ዓመት ደጋው ዝናብ አጣ። አያቴ አቶ አንጁሎ አንድ እሁድ ከኦቾሎ ወርዶ ቤታችን መጣና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ውኃ ተሰጠው፣ ጠጣ። አያቴ አማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርጋል።

"መምህር" አለው አባቴን፣ "ገብሱ ሄደ። እንሰቱም ደከመ። የቀረን ታች ቆላ ያለ በቆሎ ነው። እሱ ቤት ከገባ ምህረት ዘጠነኛ ይማራል። ካልገባ ግን አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ወንድሜ ቤት ፈትል ይፈትላል። እኔ የምችለው ይሄ ነው።"

የአያቴ ወንድም አዲስ አበባ ሸማኔ ነበር። እሱ ዘንድ የሄዱ የዘመድ ልጆች ሁሉ ለበዓል ብቻ ነው የሚመለሱት፤ አንዳንዶቹም አይመለሱም። ምህረት ጓዳ ውስጥ ቆማ ትሰማ ነበር። ወጥታ የአባቷን ብርጭቆ አነሳች።

በቆሎው ከኦቾሎ ገደል ሥር፣ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወስደው ቆላ ላይ ነው። እሸት ማሰር ሲጀምር ዝንጀሮዎቹ ገደሉን ወርደው ይመጣሉ። የሚገቡት በአንድ ድንጋያማ ቦይ በኩል ነው። በማሳው በሌላው፣ በላይኛው ጠርዝ ላይ ማማ አለ፤ በአራት ረጃጅም እንጨት ላይ የቆመ የሣር ዳስ። እዚያ ላይ ሰው ከሌለ መንጋው በሁለቱም በኩል ይገባና በአንድ ቀን ማሳውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከግንቦት ጀምሮ ምህረት ደብተሮቿን ይዛ ወደ ማማው ወረደች። ሚኒስትሪ ልትፈተን አንድ ወር ከምናምን ሲቀራት ማለት ነው! አልጋው ለእኔ ብቻ ቀረ።

የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ለሰብል ጥበቃ ተብላ የተሰጠች አንዲት ትንሽ ጠመንጃ ነበረችው። ለጎረምሶቹ ቢሰጥ ድኩላ አድነው ስለሚበሉባት ፈርቶ ለአባቴ ሰጣት። መምህር ስለሆነ ያስተማምናል ብሎ ነው። ማስተማመኑንስ አስተማመነ።

ጠመንጃዋ ሚሊሺያዎቹ ከሚሸከሙት ጋር ስትተያይ ቀጭንና አጭር ነበረች። ገና ልጅ ናት፣ ስታድግ እንደነሱ ትሆናለች ብዬ አሰብኩ።

"ስንት ዓመቷ ነው?" አልኩት አባቴን።

"ሃያ ሳይሆናት አይቀርም" አለኝ በቁም ነገር።

ታዲያ ለምን አላደገችም? ምግብ ስላጣች ይሆናል አልኩ በልቤ። ምግቧ ደግሞ በጨርቅ ከረጢት መጣላት። አባቴ ጋዜጣ አንጥፎ ጥይቶቹን ዘረገፋቸው። ከትንሿ ጣቴ ያነሱ፣ ከየትም ከየትም ተለቃቅመው የተደባለቁ ነበሩ። ገሚሶቹ እርሳሳቸው መዳብ የተለበጠ፣ የሚያብረቀርቅ። ገሚሶቹ ደብዛዛ፣ ሞራ የተቀቡ፣ ሲነኳቸው እጅ የሚያጣብቁ። ጥቂቶቹ ቀለሃቸው አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። እኔ ወዲያው የሚያብረቀርቁትን ወደድኩ። ዝንጀሮ በዚህ ካልሞተ በምን ይሞታል?

"ቅዳሜ ትተኩሳለህ?" አለችው እናቴ።

"መጀመሪያ የትኛው ልክ እንደሚመታ ማወቅ አለብኝ።"

የእኛ መከራ የተጀመረው በዚህች አረፍተ ነገር ነው።

ቅዳሜ በጭነት መኪና ወደ ቆላ ወረድን። አባቴ ወደ ዝንጀሮዎቹ ዞር ብሎም አላየ። ከተማሪዎቹ አሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ክብ ሠርቶ ኩይሳ ላይ ለጠፈ። ሃምሳ እርምጃ ቆጠረ፤ ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ተመልሶ እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ተኝቶ ከእያንዳንዱ ዓይነት አምስት አምስት ተኮሰ። እኔ ወረቀቱን እየሮጥኩ አመጣለሁ፣ እሱ ቀዳዳዎቹን በአሥር ሳንቲም ለመሸፈን ይሞክራል። የምወዳቸው አብረቅራቂዎች አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ፣ አንዱ ጭራሽ ከወረቀቱ ውጪ ሄዱ። ዝገት ያወጡት ሁለቱ አልፈነዱም። እነዚያ ደብዛዛ የሚያጣብቁት ግን አንድ ቦታ ሰብሰብ አሉ።

"አየሽ?" አለኝ ፊቱ በርቶ፣ "ጠመንጃ እንደ ሰው ነው፤ የሚስማማውን ራሱ ይመርጣል።"

ይህን ሲል ከኋላችን ዝንጀሮዎቹ በቆሎ ሲሰብሩ ቀሽ ቀሽ የሚለው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ሊቀመንበሩም ተኩስ ሰምቶ እያለከለከ ደረሰ። የተበሳሳውን ወረቀት አየ፣ ማሳውን አየ።

"ጓድ መምህር፣ ጥይቱ ለዝንጀሮ ነው ወይስ ለወረቀት?"

አባቴ አልሳቀም። ደብዛዞቹም ቢሆኑ ሁሉም እኩል አይደሉም፣ ከአምስቱ አንዷ ዝቅ ብላለች አለ። ሰኞ ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ሚዛን ተውሶ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳስበው እስካሁን ራሴን ያመኛል። በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ ምሳ ተበልቶ እንዳበቃ መስኮቱ ይዘጋል። በሩም ይዘጋል፤ ነፋስ ሚዛኑን እንዳያወዛውዘው። በሲቀላ ሙቀት! ላቤ ከአገጬ እየተንጠባጠበ፣ የዘይቱና የሞራው ሽታ ጉሮሮዬን እየያዘኝ፣ ጥይቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠርጌ በወረንጦ ሳህኑ ላይ አስቀምጣለሁ። አባቴ ትንፋሹን ይይዛል። እኔም እንድይዝ ይጠበቅብኛል። መርፌዋ ትወዛወዛለች፣ ትወዛወዛለች፣ ትቆማለች።

"አለፈች" ይላል፤ ወደ ትንሿ የቅባት ቆርቆሮ ትገባለች።

"ወደቀች" ይላል፤ ወደ ወተት ዱቄቱ ጣሳ ትገባለች።

የሚወድቁት ብዙ ነበሩ። ሳያቸው ከሚያልፉት ጋር መንትያ ናቸው። መርፌዋ በፀጉር ያህል ስለዘገየች ብቻ! የክፍላችን ልጆችም የሚወድቁት እንዲህ ከሆነ ትምህርት የሚባለው ነገር ግፍ ነው ብዬ ደመደምኩ።

እናቴ ቤቱን ከፍታ ትገባና በሙቀቱ ወደ ኋላ ትላለች። "አንተ ሰውዬ፣ ዝንጀሮውን ልትገድለው ነው ወይስ ልትድረው? ለሙሽራ እንኳ ይህን ያህል አልተመረጠም!"

"በሩን ዝጊው፣ ነፋስ ይገባል።"

"በቆሎው እኮ አለቀ!"

አንድ ቀን እኔም አላስችለኝ ብሎ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ጠየቅሁት። ወረንጦውን አስቀመጠ።

"ባሩዷ ያነሰባት ጥይት ዝቅ ብላ ነው የምታርፈው" አለ። "ቦዩ ደግሞ ድንጋይ ነው። እንዲህች ያለች ትንሽ ጥይት ድንጋይ ካገኘች ትነጥራለች፤ ወዴት እንደምትሄድ አይታወቅም። ከድንጋዩ ባሻገር ያለው የማን ማማ ነው?"

"የምህረት።"

"እሷ ከማማው ከወረደች መንጋው በላይ በኩል ይገባል። እሷም እዚያ፣ ድንጋዩም እዚያ። ስለዚህ ሠላሳ ያለፉ ጥይቶች ሳይኖሩኝ አንድም አልተኩስም። ጀምሬ መሀል ላይ ሲያልቁብኝ የወደቁትን ላንሳ እንዳልል።"

ሰማሁት። እንደ ሰበብ ቆጠርኩት። አባቴ ለሁሉም ነገር ምክንያት ነበረው፤ ፓፓያውንም ሲያገላብጥ ምክንያት አለው።

ዓርብ ዓርብ እናቴ ለምህረት ስንቅ ስትወስድ እከተላታለሁ። ምህረት ማማው ላይ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ በአንድ እጇ ቆርቆሮ እየመታች፣ በጋሞኛ መዝሙር ትዘምራለች። በዚያ ዓመት የሚዘምሩበት ጸሎት ቤት በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር ሲቀላ ውስጥ ድምፅ አውጥታ ሰምቻት አላውቅም። እዚያ ግን ጉሮሮዋ እስኪነቃ ነበር የምትዘምረው። ዝንጀሮዎቹ መጀመሪያ ሸሽተዋት ነበር አሉ፤ በኋላ ለመዷት። ቦዩ አፍ ላይ ተደርድረው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዳምጧታል። መዝሙሩ ሲያልቅ ተነስተው በቆሎ ይሰብራሉ። እኔ እነሱም ጴንጤ ናቸው፣ ፕሮግራማቸው እንደዚያ ነው ብዬ አምኜ ነበር።

"ጋሼ መቼ ነው የሚተኩሰው?" አለችኝ አንድ ዓርብ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የሂሳብ ደብተሯን ከፈተችልኝ፤ ባዶ ገጽ ነው። "ይሄን ሁሉ ተምረዋል፣ እኔ የለሁም። አባዬ ትናንት መጥቶ ማሳውን ዞረው። ከዚህ በላይ ከተበላ ትራንስፖርት ልፈልግልሽ ነው አለኝ።"

ቤት እንደተመለስኩ የቅባቷን ቆርቆሮ ከፍቼ ቆጠርኩ። አራት ሳምንት ሙሉ በሙቀት ተቀቅለን አሥራ ዘጠኝ! የወተት ዱቄቱ ጣሳ ግን ሞልቷል። እንባዬ መጣ፣ የንዴት እንባ ነው። አባቴ ደጅ ከጎረቤት ጋር ያወራል። እጄን ጣሳው ውስጥ ከተትኩና ከደብዛዞቹ አሥራ አንድ አወጣሁ። ንጹሕ ንጹሕ የሆኑትን ነው የመረጥኩት። በጨርቅ ጠርጌ አሳለፍኳቸው።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ ቆጠረ።

"ሠላሳ?" አለ። "እኔ ሃያ አካባቢ ይመስለኝ ነበር።"

"ሐሙስ ዕለት ብዙ አልፈዋል እኮ" አልኩት።

ዓይኔን አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያ ፈገግ አለና "እንግዲህ እንሂዳ!" አለ። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ዝንጀሮ ሴትና ወንድ ይለያል። ሴት ብትጮህበት ዞር ብሎም አያያት፤ ወንድ ብቅ ካለ ግን ገደሉን ይወጣል። ስለዚህ አባቴ የእናቴን አበባማ ቀሚስ ከሱሪው በላይ ለበሰ፤ ሻሽ አሰረ፤ ጠመንጃዋን በነጠላ ሸፈነ። ፂሙ እንዳይታይ እንኳ አስፈተሸ፤ እናቴ አገጩን ይዛ ሻሹን እያስተካከለች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሊቀመንበሩ ሊያይ መጥቶ "ጓድ…" ብሎ ጀመረና ጓድ ማንን እንደሚል ጠፋበት። አያቴ ብቻ አልሳቀም። በትሩን ተደግፎ ማሳውን ያያል።

አባቴ ከቦዩ ማዶ ሣር ውስጥ ተኛ፣ እኔ ከኋላው። ምህረት ማማው ላይ ትዘምራለች። መንጋው ወረደ። የመጀመሪያዋ ጥይት ትልቁን ወንድ ዝንጀሮ ጣለችው። ያለ ምንም ግርግር ነው የወደቀው። ሁለተኛዋም አልሳተችም። መንጋው እየጮኸ ወደ ገደሉ ተመለሰ፣ አያቴ "አዬ!" ሲል ሰማሁት። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። አየህ፣ መቼ ሊያልቅ ነበር ይህ ሁሉ ጣጣ፣ እኔ ባልደርስልህ ኖሮ፣ አልኩት በሆዴ።

ጥቂት ቆይተው ሁለት ጎረምሳ ዝንጀሮዎች ተመለሱ። አባቴ ሦስተኛዋን ጥይት ከተተ፣ ምላጩን ሳበ። ድምፁ እንደ ቀድሞዎቹ አልነበረም፤ ደከም ያለ ነው። ዝንጀሮው ከቆመበት ዝቅ ብሎ ድንጋዩ ላይ አቧራ ተነሳ፣ ከዚያ አንድ ቀጭን ፉጨት ከድንጋዩ ተነስቶ ወደ ማማው ሄደ።

መዝሙሩ ቆመ።

አባቴ ጠመንጃዋን ጥሎ ሮጠ። ቀሚሱ እግሩ ውስጥ ገብቶ ጣለው፣ ተነሳ፣ እንደገና ጣለው። "ምህረት! ምህረት!" እያለ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኗል። እኔ ከተኛሁበት አልተነሳሁም። ከማማው ላይ የሚመጣ ድምፅ የለም፤ ስንት ጊዜ እንደቆየ አላውቅም።

"ደህና ነኝ፣ ጋሼ" አለች በመጨረሻ።

ጥይቷ የማማውን ቋሚ ከጆሮዋ በስንዝር ርቀት ሰንጥቃ አልፋለች። የእንጨቱ ስንጣሪ ጉንጯን ቀዶት ደም በአንገቷ ይወርዳል። አባቴ በእናቴ ሻሽ ደሙን ያዘላት። ማን ማንን እንደሚያጽናና አይታወቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስንገባ ቀሚሱን እንኳ በወጉ ሳያወልቅ ሚዛኑ ፊት ተቀመጠ። የቀሩትን ሃያ ሰባቱን አንድ በአንድ መዘነ። መስኮቱን ዘግቼ ወረንጦውን ይዤ ከጎኑ ቆምኩ። አሥሩ ቀላል ሆኑ። እንደገና መዘናቸው። አሥሩ ቀላል ሆኑ።

"እኔ ነኝ ያሳለፍኳቸው" አለ። "በዓይኔ አይቼ ነው ያሳለፍኳቸው።"

አሁን ልናገር ነው፣ አሁን፣ እያልኩ ወረንጦውን በጨርቅ ጠረግሁ። ፊቴን አይቶ ፀጉሬን ዳሰሰኝ።

"አንቺ ምን አደረግሽ? ያልኩሽን ነው ያደረግሽው።"

ሰኞ ጠመንጃዋን ለሊቀመንበሩ መለሰ። ሊቀመንበሩ ለመነው፣ አያቴ ለመነው። "እጄም ዓይኔም አይታመንም" አለ። ሌላ የሚረከባት ሰው ሲፈለግ ሁለት ሳምንት ሄደ። መንጋው ያለ ትልቁ ዝንጀሮም መንገዱን ያውቅ ነበር። ከማሳው የገባው አንድ ጆንያ ተኩል ነው፤ እሱም ፍሬው ያልሞላ።

ምህረት ጉንጯ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ሚኒስትሪ ተፈተነች። ሐምሌ ሲገባ አያቴ ወርዶ ወሰዳት። አውቶቡሱ ውስጥ ሆና በመስኮት ደብተሮቿን ለእኔ አቀበለችኝ፤ ባዶ ገጾቹን ተጠቀሚባቸው አለችኝ። ውጤት የተለጠፈው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። አባቴ ሄዶ አይቶ መጣ። አልፋለች። እናቴ ወጥ እያማሰለች ነበር፤ ማማሰሏን አላቆመችም።

መስከረም ላይ አባቴ የመጀመሪያውን ፈተና ሲያርም ጠራኝ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። በዚህ ዓመት ሁሉንም አንቺ ሳታዪው ውጤት አልሰጥም፣ ያንቺ ዓይን ከእኔ ይሻላል አለኝ። ስድስት፣ ሦስት፣ ሰባት፤ ከሥሩ አሥራ ስድስት ብሎ ጽፏል። እንኳን መምህር፣ ሕፃን የማይስተው ድምር ነው።

"ልክ ነው?" አለኝ። እንደሚለምን ሰው ነበር የሚያየኝ።

"ልክ ነው አባዬ" አልኩት።

እፎይ አለና ቀጣዩን ወረቀት ሰጠኝ።